የትእዛዝ መስመር ልማዶች፦ ከጎጃም የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራና በፍኖተ ሰላም ሊኑክስ የሚማሩና በሊኑክስ የሚሠሩ ሰዎች የሚያነሷቸው ብዙዎቹ ጥያቄዎች «እሷ እንዲህ ትሠራለች፣ እኔ እንዲያ እሠራለሁ፤ ልክ ማን ነው?» ወደሚለው ያመራሉ። እዚህ የተሰበሰቡት እነዚያ ናቸው። ትእዛዞች በኪቦርድ የሚገቡት በላቲን ፊደል ቢሆንም እዚህ በአጠራራቸው ተጽፈዋል። የታሪክ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድን ሥራ ሁለት ሰዎች በተለያየ ትእዛዝ ሲሠሩት አያለሁ። ትክክለኛው የትኛው ነው?

ውጤቱ አንድ ከሆነ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የሊኑክስ አሠራር የተቀዳበት ዩኒክስ ከመነሻው የተሠራው እንዲህ እንዲሆን ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 በአሜሪካ ቤል ላብስ ሥራውን ከጀመሩ በኋላ ቀስ በቀስ የተከማቹት እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ የሚሠሩ ትንንሽ መሣሪያዎች ነበሩ። በ1973 በዳግ መክልሮይ ሐሳብ ፓይፕ ሲጨመር የአንዱ መሣሪያ ውጤት በቀጥታ ለሌላው ግብዓት መሆን ቻለ። መሣሪያ እንደ ልብ በሚገጣጠምበት ቦታ ሁሉም ሰው እንደ አመሉ ይገጣጥማል።

ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዋሸራና ጎንጅ የየራሳቸው የቅኔ መንገድ አላቸው፤ ከሁለቱም የሚወጣው ቅኔ ነው።

እኔ የማደርገው ልዩነት ሌላ ነው። በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ የምትሠሩበት መንገድ የእናንተ ጉዳይ ነው፤ ማንም ሊያርማችሁ አይገባም። ብዙ ሰው በሚገባበት ሰርቨር ላይ ግን ልማዳችሁ የባልደረባችሁን ፋይል፣ ጊዜና እንቅልፍ ይነካል። በሚከተሉት መልሶች ውስጥ «እንደ ፈለጋችሁ» ስል ስለ መጀመሪያው፣ ጠንከር ስል ደግሞ ስለ ሁለተኛው እየተናገርኩ ነው።

አስተማሪያችን «ፒ ኤስ ኤ ዩ ኤክስ» እንድንጽፍ ያሳዩናል፤ በሥራ ልምምድ ያገኘኋቸው ባለሙያዎች ግን «ፒ ኤስ ሰረዝ ኢ ኤፍ» ይጽፋሉ። ለምን?

ሁለቱም በዚያ ቅጽበት በኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች ይዘረዝራሉ። ልዩነቱ የዘር ሐረግ ነው። ዩኒክስ በሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች አድጓል፤ አንዱ በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የዳበረው፣ ሌላው የኤ ቲ ኤንድ ቲ ኩባንያ ሲስተም ፋይቭ ነው። ሰረዝ የሌለው አጻጻፍ ከበርክሌይ፣ ሰረዝ ያለው ከሲስተም ፋይቭ የመጣ ነው። የሊኑክሱ ፒ ኤስ ሁለቱንም ይቀበላል። ፋይሎችን አንድ ላይ በሚያሽገው «ታር» ትእዛዝም ላይ ሰረዝ የሚያስገቡና የማያስገቡ ሰዎች አሉ፤ ምክንያቱ ተመሳሳይ ነው፦ ሰው መጀመሪያ ያስተማረውን ሰው እጅ ይዞ ይቀራል።

ሁለቱ ዝርዝሮች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያው እያንዳንዱ ፕሮግራም ከፕሮሰሰሩና ከሜሞሪው ምን ያህል በመቶ እንደወሰደ ያሳያል። ሁለተኛው ደግሞ ፕሮግራሙን ያስነሣውን የወላጅ ፕሮግራም ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ ሰርቨሩ ሲንቀራፈፍ የመጀመሪያውን፣ «ይህን ማን አስነሣው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ሁለተኛውን እጠቀማለሁ። ሁለቱን ማወቅ አንዱን ለመምረጥ ከመከራከር ይሻላል።

ባሽ፣ ዚ ሼል ወይስ ፊሽ?

ሦስቱም ሼሎች ናቸው፤ የምንጽፈውን ትእዛዝ ተቀብለው ያስፈጽማሉ። ባሽ በብራያን ፎክስ ተጽፎ በ1989 ወጣ፤ ዚ ሼልን ፖል ፋልስታድ በ1990 አወጣው፤ ፊሽ በ2005 መጣ። የአፕል ኮምፒውተሮች በ2019 ከባሽ ወደ ዚ ሼል ሲዞሩ ብዙ ሰው ሳይመርጥ የዚ ሼል ተጠቃሚ ሆነ። ፊሽ ምንም ሳታስተካክሉት ትእዛዝ ገና ስትጀምሩ ቀሪውን ደብዘዝ ባለ ቀለም ያሳያችኋል፤ ለጀማሪ እጅግ የሚያበረታታ ነገር ነው። ዚ ሼል ማስተካከል ለሚወድ ሰው ማብቂያ የለውም።

የምትወዱትን ያዙ። ስክሪፕት፣ ማለትም ተከታታይ ትእዛዞችን የያዘ ፋይል፣ ስትጽፉ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በባሽ የዝርዝር ቆጠራ ከዜሮ ይጀምራል፣ በዚ ሼል ከአንድ። ፊሽ ደግሞ ለተለዋዋጭ ዋጋ የሚሰጥበት አጻጻፍ ከሁለቱም የተለየ ነው። በራሳችሁ ላፕቶፕ በዚ ሼል የሠራ ስክሪፕት በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ስሕተት ሳይናገር የተሳሳተ መዝገብ ሊያነሣ ይችላል። በስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ በየትኛው ሼል እንደሚሠራ በግልጽ ጻፉ። «ኤስ ኤች» ብሎ መጻፍም ከባሽ ጋር አንድ አይደለም፤ ኡቡንቱና ዴቢያን በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ይህ ስም የሚያመለክተው ዳሽ የተባለ፣ ብዙ የባሽ ነገሮችን የማያውቅ አነስተኛ ሼል ነው።

የትኛውን ኤዲተር ልማር?

ጽሑፍና ኮድ የምንጽፍበትን ፕሮግራም፣ ኤዲተርን፣ የሚመለከተው ይህ ጥያቄ ሰዎችን በጣም ስለሚያሟግት ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

«ቪ» የተባለውን ኤዲተር ቢል ጆይ በበርክሌይ በ1976 ጻፈው። ጠቋሚውን ለማንቀሳቀስ ኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል የተመረጡት የሚጠቀምበት ኤ ዲ ኤም 3 ኤ የተባለ ተርሚናል ቀስቶቹን በእነዚህ አራት ፊደላት ላይ ስላተማቸው ነው። ዛሬ በሰፊው የምንጠቀመውን ቪም ብራም ሙሌናር በ1991 አወጣው። ቪም ያለ ፋይል ሲከፈት በዩጋንዳ ያሉ ችግረኛ ሕፃናትን እንድትረዱ የሚጋብዝ መልእክት ያሳያል። ሙሌናር ለፕሮግራሙ ገንዘብ አልጠየቀም፤ መስጠት የሚፈልግ ሰው ለእነዚያ ልጆች እንዲሰጥ ነበር የጠየቀው። በ2023 ካረፈ በኋላም መልእክቱ አለ። እኔ ይህን ሁልጊዜ ለአዲስ ተማሪዎች እነግራለሁ፤ በየቀኑ የምንይዘው መሣሪያ ከእንዲህ ያለ ሰው እጅ መውጣቱ መታወቅ አለበት።

ኢማክስ በ1976 በኤም አይ ቲ በሪቻርድ ስቶልማን እጅ ተጀመረ፤ የጂ ኤን ዩ ኢማክስ በ1985 ወጣ። ናኖ ታናሻቸው ነው፤ የሚሠሩትን ቁልፎች ከታች ዘርዝሮ ስለሚያሳይ ሳያስተምሩት የሚገባ ነው።

በጎጃም የሚሠራ ሰው ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ የውጭ መማሪያዎች አያነሡትም። አማርኛ የምትጽፉ ከሆነ ቪም ያስቸግራል። ቪም ሁለት ሁኔታ አለው፤ በአንዱ ፊደል ስትጫኑ ይጻፋል፣ በሌላው ያው ቁልፍ ትእዛዝ ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ጨርሳችሁ ኤስኬፕ ስትጫኑ ኪቦርዱ አሁንም አማርኛ ላይ ነው። መስመር ለመሰረዝ የ«ዲ»ን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ስትነኩ ቪም የሚደርሰው «ድድ» ነው፤ ምን እንደፈለጋችሁ አያውቅም። ስለዚህ በየዓረፍተ ነገሩ ኪቦርድ መቀያየር ግድ ይሆናል። ኢማክስ ግን የግእዝ ፊደል ማስገቢያ በውስጡ ይዞ ይመጣል። ኮንትሮልን ከወደ ግራ ካዘነበለው ሰረዝ ጋር ስትጫኑ ይበራል ወይም ይጠፋል፤ የሚነካው የሚጻፈውን ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ በኮንትሮል የሚሰጡት ትእዛዞች አማርኛ እየጻፋችሁም እንደነበሩ ይሠራሉ።

ምክሬ ይህ ነው፦ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ በተርሚናል (በትእዛዝ መስኮቱ) የምትጽፉ ከሆነ ኢማክስን ሞክሩ። ኮድና የሰርቨር ቅንብር የምታርሙ ከሆነ ቪም እጃችሁ ላይ ከተስማማ እርሱን ያዙ። ናኖን የሚጠቀም ሰው ደግሞ ማንም አይናቀው። የትኛውንም ብትመርጡ ከቪ መውጣትን ተማሩ፤ ብዙ ሰርቨር ላይ የምታገኙት እርሱን ነው። ኤስኬፕ፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ኪው፣ ቃለ አጋኖ፣ ኤንተር። ያልተቀመጠው ለውጥ ይጠፋል፣ ፋይሉ ግን እንደነበረ ይቆያል።

የትእዛዞቹ ስም አጭርና ለማስታወስ የሚከብድ ነው። የራሴን ስም ባወጣላቸው ነውር አለው?

የለውም። ስሞቹ ያጠሩት በዘመኑ ምክንያት ነው። የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ቴሌታይፕ ሞዴል 33 በሚባል፣ በሰከንድ 10 ፊደል ብቻ በሚያትም፣ ቁልፉ ከበድ ባለ መሣሪያ ነበር የሚጽፉት። አንድ ፊደል ማሳጠር ትርጉም ነበረው። እናንተ በአሊያስ አማካይነት የፈለጋችሁትን ስም መስጠት ትችላላችሁ።

አንድ ወሰን ግን አለ። አዲስ ስም ፍጠሩ፤ የቆየውን ስም ትርጉም አትቀይሩ። «ኤል ኤል» ብላችሁ ለረጅሙ ዝርዝር ስም ብታወጡ፣ ስሙ በሌለበት ማሽን ላይ የሚገጥማችሁ «ትእዛዙ አልተገኘም» የሚል መልስ ብቻ ነው። ፋይል የሚቀዳውን ትእዛዝ፣ «ሲ ፒ» የሚለውን ስም፣ ሌላ ጠባይ ብትሰጡት ግን በሌላ ማሽን ላይ ያው ስም ያለ ማስጠንቀቂያ ሌላ ነገር ይሠራል። አንድ ስም አሊያስ መሆኑን ለማወቅ «ታይፕ» ብላችሁ ስሙን አስከትሉ። አሊያስን ለአንድ ጊዜ ለማለፍ ከስሙ ፊት ወደ ግራ ያዘነበለ ሰረዝ ማድረግ ይበቃል። በባሽ ስክሪፕት ውስጥ ደግሞ አሊያስ በተለመደው አሠራር አይሠራም።

አር ኤም ከመሰረዙ በፊት ሁልጊዜ እንዲጠይቀኝ ባደርገው አይሻልም?

ብዙ ጥሩ አስተማሪዎች ይመክሩታል። ሬድ ሃት የተባለው የሊኑክስ ዓይነትም ሙሉ ሥልጣን ላለው ተጠቃሚ፣ ለ«ሩት»፣ ይህን አዘጋጅቶ ይሰጣል። እኔ ግን አልመክረውም።

የሚጠይቅ አር ኤም እጅን ያስለምዳል። ከብዙ ጥያቄ በኋላ ጣት ሳያነብ «ዋይ»ን (አዎን) ይጫናል፤ ጥያቄው ጥበቃነቱ ያበቃል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ማሽን ስትቀይሩ የሚመጣው ነው። «ኋላ ይጠይቀኛል» ብላችሁ ማንኛውንም ስም የሚወክለውን ኮከብ አስገብታችሁ ኤንተር ትጫናላችሁ፤ አዲሱ ሰርቨር አይጠይቅም። በትእዛዝ መስመር ላይ የቆሻሻ መጣያ ቅርጫት የለም፤ የተሰረዘ ተሰርዟል።

የተሻለው ልማድ በማንኛውም ማሽን ላይ የሚሠራ ነው። በአንድ ማህደር ውስጥ ስማቸው «ሪፖርት_2016» ብሎ የሚጀምር ፋይሎችን ልትሰርዙ ነው እንበል። መጀመሪያ ፋይሎችን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ፣ ኤል ኤስ፣ ብላችሁ ስሙን ጻፉና ኮከብ አስከትሉ። የሚሰረዙት ፋይሎች ይዘረዘራሉ፤ ረጋ ብላችሁ አንብቧቸው። ከዚያ የላይኛውን ቀስት ተጫኑ፣ ያው መስመር ይመለሳል። በኮንትሮል ኤ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ሂዱ፣ ኤል ኤስን አጥፍታችሁ በቦታው አር ኤም ጻፉ። ስሙንና ኮከቡን ዳግም አልነካችሁም፤ ስለዚህ ያነበባችሁትና የሚሰረዘው አንድ ነው። ሳይታሰብ በስሙና በኮከቡ መካከል ባዶ ቦታ ገብቶ ከነበረ ኤል ኤስ የማህደሩን ፋይል በሙሉ ይዘረዝርላችኋል፤ ያኔ ደንግጣችሁ ታርሙታላችሁ። ያው ባዶ ቦታ በቀጥታ ከአር ኤም ጋር ቢጻፍ ኖሮ ማህደሩ ባዶ ነበር።

ጥያቄ የግድ የምትፈልጉ ከሆነ ሰረዝና ትልቁን «አይ» (I) ተጠቀሙ። በሊኑክስ አር ኤም በትልቁ «አይ» ከሦስት በላይ ፋይል ሲሰረዝ ወይም ማህደር ከነውስጡ ሲሰረዝ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል። ጥያቄው አልፎ አልፎ ስለሚመጣ ይነበባል።

«ካት» ከፍቶ በፓይፕ ወደ ግሬፕ መላክ ስሕተት ነው ይሉኛል።

ካት የፋይልን ይዘት የሚያወጣ፣ ግሬፕ በጽሑፍ ውስጥ ቃል የሚፈልግ ትእዛዝ ነው። ስሕተት አይደለም፤ ትርፍ እርምጃ ነው። ግሬፕ ፋይሉን ራሱ መክፈት ይችላል። ራንዳል ሽዋርትዝ በ1990ዎቹ ለማያስፈልግ የካት አጠቃቀም «ሽልማት» ማደሉ ጉዳዩን ዝነኛ አድርጎታል፤ ከዚያ ወዲህ ጀማሪን በዚህ መገሠጽ ልማድ ሆነ። በተርሚናል ላይ ሥራውን ደረጃ በደረጃ እየገነባችሁ ከሆነ ከግራ ወደ ቀኝ «ፋይሉ፣ ከዚያ ማጣሪያው፣ ከዚያ ቆጠራው» ብሎ ማሰብ ይቀላል። በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎችን በሚያዞር ስክሪፕት ውስጥ ግን አስወግዱት፤ በየዙሩ አንድ ትርፍ ፕሮግራም ይነሣል። ለዚህ ብላችሁ ተማሪ አታሸማቅቁ።

ያለፈ ትእዛዝ ለማግኘት ቀስቱን ደጋግሜ እጫናለሁ። የተሻለ መንገድ አለ?

አለ፤ ቶሎ ብትለምዱት ከሁሉ የሚጠቅማችሁ እርሱ ነው። ኮንትሮል አር ተጫኑና ከትእዛዙ የምታስታውሱትን ትንሽ ቁራጭ ጻፉ፤ የቅርቡ ይመጣል። እርሱ ካልሆነ ኮንትሮል አርን ድገሙት፤ ወደ ኋላ ይቀጥላል። ስታገኙት ኤንተር ያስፈጽመዋል፤ ቀስት ከተጫናችሁ ደግሞ ለማረም ይቆማል።

ባሽ ሳይነኩት የሚያስታውሰው 500 ትእዛዝ ነው፤ ኡቡንቱ ወደ 1000 ከፍ አድርጎ ያዘጋጀዋል። ቁጥሩን አብዝታችሁ አስቀምጡት፤ ቦታው ኢምንት ነው። በጋራ ሰርቨር ላይ ግን የይለፍ ቃል በትእዛዝ መስመር ላይ አትጻፉ። ታሪኩ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ትእዛዙ እየሠራ ሳለም ሌላው ተጠቃሚ በፒ ኤስ ሊያየው ይችላል። በኡቡንቱ በባዶ ቦታ የሚጀምር መስመር ታሪክ ውስጥ አይገባም፤ ይህ የመጀመሪያውን አደጋ እንጂ ሁለተኛውን አያስወግድም።

ቪም የለመዱ ሰዎች ሼሉንም በቪ አሠራር ያዘጋጁታል። በራሳችሁ መለያ (አካውንት) ብቻ ይሁን።

መብራትና ኔትወርክ ሲቋረጥ የጀመርኩት ሥራ ይጠፋል። ሌሎች እንዴት ያደርጋሉ?

ከሞጣ ወይም ከቢቸና ሆኖ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ባለ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ጥያቄ ከምንም በፊት መመለስ አለበት። ከሩቅ ወደ ሰርቨር በሚያስገባው በኤስ ኤስ ኤች ገብታችሁ የጀመራችሁት ሥራ ከግንኙነቱ ጋር የታሰረ ነው፤ መስመሩ ሲበጠስ ሼሉ ይዘጋል፣ ሥራውም አብሮት ይቆማል።

መፍትሔው ሥራውን በሰርቨሩ ላይ በሚቆይ መስኮት ውስጥ መጀመር ነው። ይህን መስኮት የሚከፍቱ ሁለት ፕሮግራሞች አሉ፤ ስክሪን ከ1987 ጀምሮ አለ፤ ቲመክስ በ2007 መጣ። ሰርቨሩ እንደገባችሁ ቲመክስ በሉ፣ ሥራችሁን ጀምሩ። መስመሩ ቢቋረጥ፣ መብራት ቢሄድ፣ ላፕቶፑ ባትሪ ቢጨርስ ሰርቨሩ ላይ ያለው ሥራ ይቀጥላል። ተመልሳችሁ «ቲመክስ አታች» ስትሉ ሥራው ከደረሰበት ታገኙታላችሁ። ሰርቨሩ ራሱ ከጠፋ ግን ቲመክስም አያድንም።

እዚህ ላይ የሰዎች ልማድ የሚለያየው በመጀመሪያው ቁልፍ ነው። ስክሪን «ኮንትሮል ኤ»ን ይጠቀማል፣ ቲመክስ «ኮንትሮል ቢ»ን። ከስክሪን የመጡ ሰዎች ቲመክስን ወደ ኮንትሮል ኤ ይቀይሩታል፤ ግን ኮንትሮል ኤ በሼሉ ላይ ወደ መስመር መጀመሪያ የሚወስድ ቁልፍ ስለሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ። እኔ «ኮንትሮል ቢ»ን እንዳለ ትቼዋለሁ። መስመሩ የሚንጠባጠብ ከሆነ በኤስ ኤስ ኤች ምትክ የምትገቡበትን፣ በ2012 የወጣውን ሞሽ ሞክሩ። የምትጽፉትን መልስ ሳይጠብቅ ወዲያው ያሳያል፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመለስም፣ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ስትዞሩም ግንኙነቱ ይቀጥላል። በሰርቨሩም ላይ መጫን አለበት።

«ፀሐይ» ብዬ በግሬፕ ስፈልግ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ሁሉ አይመጡም።

ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ፊደላት ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ናቸው። ፀ እና ጸ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። አንድ መዝጋቢ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሐይ»፣ ሦስተኛው «ፀሀይ» ብሎ ጽፎ ከሆነ ግሬፕ በትክክል የጻፋችሁትን ብቻ ያመጣል።

ሁለት ዓይነት ልማድ አለ። አንዱ በፍለጋው ላይ ማስፋት ነው፤ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አማራጮቹን መደርደር። [ፀጸ][ሐሀኀሃሓኃ]ይ ብትሉ ሁሉም ይመጣሉ። ሌላው ፋይሉን በሙሉ ወደ አንድ ዓይነት ፊደል መለወጥ ነው። ለዚህ «ቲ አር» የተባለውን ትእዛዝ የሚሞክሩ ብዙዎች ናቸው፤ በሊኑክስ ያለው ቲ አር የሚሠራው ባይት በባይት ስለሆነና አንድ የግእዝ ፊደል ዩ ቲ ኤፍ 8 በተባለው የፊደል አቀማመጥ ሦስት ባይት ስለሚይዝ ጽሑፉን ያበላሸዋል። ጽሑፍ የሚለውጠው የሴድ «ዋይ» ትእዛዝ ግን ፊደልን እንደ ፊደል ያያል፤ እርሱን ተጠቀሙ።

የመጀመሪያውን ልማድ አጥብቄ እመርጣለሁ። ሰው ስሙን «ኃይለ» ብሎ ከጻፈ በመዝገቡ ውስጥ «ሀይለ» የሚያደርገው ሌላ ሰው ሊኖር አይገባም። ለፍለጋ እንዲመች መለወጥ ካስፈለገ ቅጂው ላይ ይሁን፤ ዋናው መዝገብ አይነካ።

ቆጠራም ላይ ተመሳሳይ ነገር ያጋጥማል። «ሰላም» የሚለውን ቃል የመቁጠሪያው ትእዛዝ፣ ደብልዩ ሲ፣ በሰረዝ ሲ ሲቆጥረው 9 ይላል፣ በሰረዝ ኤም 3 ይላል፤ የመጀመሪያው የባይት፣ ሁለተኛው የፊደል ብዛት ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ደስ ያሰኛል። የግእዝ ፊደል በ1999 ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ በሀሁ ተራ ስለተደረደረ፣ የመደርደሪያውን ትእዛዝ ሶርትን በዚያ ቁጥር በሚደረድረው «ሲ» ቅንብር ብታሠሩት ስሞች ከሀ ወደ ፐ ይሰለፋሉ።

የፋይል ስም ላይ ቀን ስጽፍ በየትኛው ዘመን አቆጣጠር ላድርግ?

እንደ ፈለጋችሁ፤ በአንድ ማህደር ውስጥ ግን ሁለቱን አትቀላቅሉ። «2017-01-01» የሚል ፋይል መስከረም 1 ቀን 2017 ነው ወይስ የፈረንጆቹ ጃንዩወሪ 1? የመጀመሪያው ከሆነ በእነርሱ አቆጣጠር 2024-09-11 ነው፤ በሁለቱ ንባቦች መካከል ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ልዩነት አለ። ከወራት በኋላ የሚከፍተው ሰው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ሰርቨሩ ራሱ የሚሠራቸው መጠባበቂያ ቅጂዎች ላይ የአውሮፓውያኑን እጠቀማለሁ፤ ቀን የሚነግረው ትእዛዝ «ዴት» የሚሰጠው እርሱን ነው። ለደብዳቤና ለቢሮ ሪፖርት የእኛን። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብላችሁ ወሩንና ቀኑን ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ከጻፋችሁ ኤል ኤስ በጊዜ ቅደም ተከተል ያሰልፋቸዋል፤ ጳጉሜንም 13 ሆና በቦታዋ ትገባለች። ሰዓትም እንዲሁ ያሳስታል፦ ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስነሣው በክሮን ላይ 2 ሰዓት ብላችሁ የቀጠራችሁት ሥራ የሚነሣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው።

ስሙን በአማርኛ መጻፍም ይቻላል። በተለመደው የሊኑክስ የፋይል አደረጃጀት አንድ ስም እስከ 255 ባይት ስለሚይዝ 85 የግእዝ ፊደል ይገባል። በቃላት መካከል ባዶ ቦታ ከመተው የታች ሰረዝ ብታደርጉ ስክሪፕት የሚጽፈው ባልደረባችሁ ያመሰግናችኋል።

ሱ ወይስ ሱዶ?

ሁለቱም በሩት ሥልጣን ለመሥራት ያገለግላሉ፤ ሱ ወደ ሩት ያዞራችኋል፣ ሱዶ ደግሞ አንዱን ትእዛዝ ብቻ በሩት ሥልጣን ያስፈጽማል። በጋራ ሰርቨር ላይ ሱዶ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳዘዘ ይመዘግባል፤ የሩትን የይለፍ ቃልም ለብዙ ሰው ማከፋፈል አያስፈልግም።

ጥቁር ዳራ ወይስ ነጭ?

ዓይናችሁ ይወስን። የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ነጩ በተሻለ ይነበባል። በብዙ ተርሚናሎች የግእዝ ፊደል ለላቲን በተመደበ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ስለሚጨመቅ ከቀለሙ ይልቅ የፎንቱ መጠን ላይ ብትጨነቁ ዓይናችሁ ይድናል።

ከማንዋሉ ይልቅ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ለምጄአለሁ። ችግር አለው?

ኢንተርኔት እስካለ ድረስ የለውም። ኢንተርኔት ሲጠፋ ግን ማንዋሉ እዚያው ማሽኑ ላይ ነው፤ ከዚህም በላይ የሚናገረው በእናንተ ማሽን ላይ ስላለው ትእዛዝ ነው። ኢንተርኔት ላይ የተገኘ መልስ ለአፕል ኮምፒውተር የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ሴድ ፋይልን በቦታው የሚያርምበት አማራጭ ለምሳሌ በሁለቱ ላይ አንድ አይደለም። ማንዋሉን የሚከፍተውን ትእዛዝ «ማን» (man) ብላችሁ የትእዛዙን ስም አስከትሉ፤ ስታነብቡ በወደ ቀኝ ያዘነበለው ሰረዝ ቃል ትፈልጋላችሁ፣ በኪው ትወጣላችሁ። ስሙን የማታውቁት ከሆነ «ማን ሰረዝ ኬ» ብላችሁ የሥራውን ዓይነት በእንግሊዝኛ ጻፉ። እንደ ሲ ዲ ያሉት የሼሉ የራሱ አካል ስለሆኑ በባሽ የሚፈለጉት «ሄልፕ» በሚለው ነው።

በቤተ ሙከራችን ብዙ ተማሪዎች በአንድ መለያ እንገባለን። አንዱ ያስተካከለውን ሌላው ያፈርሰዋል። ምን እናድርግ?

ለእያንዳንዱ ተማሪ መለያ እንዲከፈት ጠይቁ። ሊኑክስ ከመሠረቱ ለብዙ ተጠቃሚ የተሠራ ነው፤ መለያ መክፈት የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው፣ የሁሉም ሰው ልማድም በየቤቱ ማህደር ውስጥ በነጥብ በሚጀምሩ ፋይሎች ላይ ይቀመጣል።

ይህ እስኪሆን ድረስ የጋራውን ቅንብር አትንኩ። የራሳችሁን አሊያስና ምርጫ በአንድ ፋይል ጽፋችሁ በፍላሽ ያዙ፤ ስትቀመጡ «ሶርስ» ብላችሁ ትጭኑታላችሁ፣ ተርሚናሉን ስትዘጉ ከእናንተ ጋር ይሄዳል። የቁልፎችን ቦታ መለወጥ፣ ለምሳሌ ካፕስ ሎክን ኮንትሮል ማድረግ፣ በጋራ ማሽን ላይ አይደረግ፤ ቀጥሎ የሚቀመጠው ተማሪ ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል።

ሰው የቀየረው ነገር ሥራችሁን ካደናቀፈ ደግሞ አጥፉልን እያላችሁ አትከራከሩ፤ ማለፊያ አለ። ባሽን «ሰረዝ ሰረዝ ኖ አር ሲ» ጨምራችሁ ስታስነሡት የተጠቃሚውን ቅንብር ሳያነብ ይከፈታል። ቪም በ«ሰረዝ ሰረዝ ክሊን»፣ ኢማክስ በሰረዝና በትልቁ ኪው እንዲሁ ያደርጋሉ። የሌላው ሰው ቅንብር በቦታው ይቆያል፣ እናንተም ሥራችሁን ትሠራላችሁ።